“ጸልዪ ብሎ ሸኘኝ”፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከበድ ይላሉ። ሱስ አለ፣ ዱላ አለ፣ የዘር ጣጣ አለ፣ ገንዘብም አለ። ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ነገረ መለኮት ከመማሬ በፊት ነርስ ነበርኩ። አሁን ለአገልግሎት የሚዘጋጁ ሰዎችን አስተምራለሁ። ስለዚህ መልሴ ውስጥ ቁስልና ፋሻ ቢበዛባችሁ አመሌ ነውና ቻሉኝ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። የጸሐፊውን ማንነት የሚያሳብቁ ነገሮችንም አውጥቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህርት። የወጣቶች አገልግሎት ውስጥ ነኝ። ሥራ ላጡ ልጆች ሥልጠና፣ ከሱስ መውጣት ለሚፈልጉ ደግሞ ድጋፍ የሚሰጥ ነገር እንጀምር ብለን ለሽማግሌዎች አቀረብን። “ይሄ የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ነፍስ ማዳን ነው። በዚህ ከገባችሁ ወንጌሉ ይረሳል” አሉን። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ንም ጠቀሱልን። እውነት አላቸው? — ዲ.

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አትናቃቸው። ስጋታቸው ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በክርስቶስ ስም ተጀምረው ዛሬ ስሙን መጥራት የሚያፍሩ ተቋማት አሉ። ሰዎቹ ይሄንን አይተው ነው የፈሩት። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ተሳስቷል።

ነፍስን ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ሥጋን ለሌላ መሥሪያ ቤት ማከፋፈል መጽሐፍ ቅዱስ አያውቀውም። ጌታ በናዝሬት ምኵራብ ያነበበውን ሉቃስ 4 ላይ ተመልከት። ለድሆች የምሥራች፣ ለታሰሩት መፈታት፣ ለዕውሮች ማየት፣ ለተጠቁት ነጻነት። በአንድ ትንፋሽ ነው ያነበበው። ያዕቆብ ደግሞ ምዕራፍ 2 ላይ ራቁቱን ለሆነና የዕለት ምግብ ላጣ ወንድም “በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም” ብሎ የሚሸኝ ሰው ያሳየናል። ልብ በል፣ ሰውዬው የተናገረው ክፉ ቃል አይደለም። ምርቃት ነው። ደህና ጸሎትም ይመስላል። ሰውዬው ግን ሲመርቅ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

አሁን ወደጠቀሱልህ ክፍል እንምጣ፤ እሱን ሳታነብ አትለፈው። ሐዋርያቱ የእግዚአብሔርን ቃል ትተን ማዕድ እናገለግል ዘንድ አይገባም ብለዋል፤ እውነት ነው። ሽማግሌዎቹ እዚህ ጋ አቁመው ከሆነ ግን ቸኩለዋል። ነገሩ የጀመረው በእሮሮ ነው። የዕለቱ ምግብ ሲታደል ግሪክኛ የሚናገሩት መበለቶች እየተዘለሉ ነበር። ሐዋርያቱ “አታጉረምርሙ” አላሉም። “ጸልዩበት” ብለውም አልሸኙም። ጉባኤውን ጠርተው አሠራሩን ቀየሩት። ምግብ ለማደል የሚመረጡት ሰዎች መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ይሁኑ አሉ። ለሰልፍ አስከባሪ ትንሽ የበዛ መስፈርት አይመስልህም?

ከዚያ የተመረጡትን ስማቸውን እያየህ አንብብ። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሰባቱም የግሪክ ስሞች ናቸው። የጎተራውን ቁልፍ የሰጡት ቅሬታ ላቀረበው ወገን ይመስላል። እኔ ይሄንን ክፍል ባስተማርኩ ቁጥር ይገርመኛል። ወንጌሉስ ተረሳ? ቁጥር 7ን ተመልከት፤ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ፣ የደቀ መዛሙርቱ ቁጥር እየበዛ ሄደ ይላል። ከሰባቱ አንዱ የመጀመሪያው ሰማዕት ሆነ። ሌላው ሰማርያ ወርዶ ሰበከ፣ ኢትዮጵያዊውንም ጃንደረባ አጠመቀ። ለሽማግሌዎቹ ይሄንን አስነብባቸው፣ ግን በትሕትና።

የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን አባት ባስልዮስንም ንገራቸው። በ368 ገደማ በቀጰዶቅያ ቂሳርያ (ዛሬ ቱርክ ውስጥ) ረሃብ ገባ። ባለጠጎቹ ጎተራቸውን ቆልፈው እህሉ እስኪወደድ ይጠብቁ ነበር። ባስልዮስ ያኔ ገና ጳጳስ አልሆነም። ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ስላሰበው ሰነፍ ሰው ሲሰብክ፣ የያዝከው እንጀራ የተራበው ነው፣ ሣጥን ውስጥ የቆለፍከው ልብስም የታረዘው ነው እያለ ፊት ለፊት ተናገራቸው። ተናግሮ ወደ ቤቱ አልገባም። ምግብ አሰባስቦ አደለ። ኋላ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ለድሆች፣ ለሕሙማን፣ ለመንገደኞችና ሰው ሁሉ ለሚሸሻቸው የለምጽ በሽተኞች ማረፊያ ሠራ። ይሄ ሰው ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት ሽንጡን ገትሮ የተከራከረው ባስልዮስ ነው። የሾርባ ድስት ስለጣደ ትምህርቱ አልቀጠነም። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ362፣ ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ ሕዝቡን ወደ ጥንቶቹ አማልክት ሊመልስ ሲታገል ለአንድ ካህናቸው ጻፈ። ደብዳቤው ምሬት ነው። እነዚህ ገሊላውያን (ክርስቲያኖችን ማለቱ ነው) የራሳቸውን ድሆች አልፈው የእኛንም ይመግባሉ፤ የእኛዎቹ ግን ከእኛ እርዳታ አጡ ይላል። ጠላት የጻፈው ምስክርነት ደስ ይለኛል።

ደግሞ ሽማግሌዎችህ የሚወዱት አንድ ነገር አለ። በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ላከች። እዚያ ላይ አቤቱታው የተገላቢጦሽ ነበር። የውጭ ለጋሾች ለልማት ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለስብከት ሲባል ግን እጃቸው ይታሰራል። ቤተ ክርስቲያኗ ሰውን ለሁለት አትክፈሉብን፣ መንፈሳዊውም ሥጋዊውም ፍላጎቱ አብሮ ይታይ አለች። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1974 በስዊዘርላንድ ሎዛን የተሰበሰቡት ወንጌላውያንም በቃል ኪዳናቸው አምስተኛ ክፍል ላይ፣ ስብከተ ወንጌልንና ማኅበራዊ ኃላፊነትን አብረው እንደማይሄዱ አድርገን በማየታችን ንስሐ እንገባለን ብለው ጻፉ። እንግዲህ ከሁለቱም ወገን የመጣ ጩኸት ነው። ሰባኪው ዳቦውን ሲረሳም፣ ለጋሹ ቃሉን ሲረሳም የሚጎዳው ያው አንድ ሰው ነው።

ስለ ሥራው ጥቂት ልበል። ሥልጠናውን ስብከት መስሚያ ትኬት አታድርጉት። ልጁ ሙያ ሊማር መጥቶ የእምነት መግለጫ ካስፈረማችሁት ሁለቱንም ታበላሹበታላችሁ። ስለ ሱሱ ግን በነርስነቴ አጥብቄ እናገራለሁ። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው መጠጥ በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ክፍል ዘግቶበት ጸሎት ማድረግ ብቻ አይበቃም። ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ፈልጉ። ጸሎቱን አልጋው አጠገብ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ይመታኛል። ከተጋባን ጀምሮ ነው። አገልጋያችንን ሳማክረው ሁለታችንን አስቀምጦ አነጋገረን። ባለቤቴ አለቀሰ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ቤት ስንገባ “ገመናዬን አወጣሽ” ብሎ አንገቴን አነቀኝ። ተመልሼ ስነግረው “እግዚአብሔር መፋታትን ይጠላል፣ አንቺ ብቻ ጸልዪ” ብሎ ሸኘኝ። ይቅር ካልኩ ተመልሼ መኖር አለብኝ? ጥዬ ብወጣ ኃጢአት ይሆንብኛል? — ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እኅቴ፣ አምንሻለሁ። የሆነብሽ ጥፋትሽ አይደለም።

ስለ መፋታቱ ቆይቼ እመጣለሁ። መጀመሪያ ስለ አንገትሽ። የታነቀ አንገት ውጪው ላይ ምንም ምልክት ሳይኖረው ውስጡ ሊጎዳ ይችላል። ድምፅሽ ከጎረነነ፣ ስትውጪ ካመመሽ፣ ካዞረሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ምልክት ባይኖርሽም ሂጂ። ምን እንደሆነም በግልጽ ንገሪያቸው፤ “ወደቅሁ” አትበዪ። ይሄንን የምለው ላስፈራራሽ አይደለም። አንድ ጊዜ ያነቀ ሰው ሌላ ጊዜ የመግደል አደጋው በጣም ከፍ እንደሚል ይታወቃል። ለማነቅ የተዘረጋን እጅ “የትዳር ውጣ ውረድ” የሚል አገልጋይ የሚያወራውን አያውቅም።

አሁን ወደ ጥቅሱ። ሚልክያስ 2፥16 እግዚአብሔር መፋታትን እንደሚጠላ ይናገራል። አልሸሽገውም፣ የሚከብድ ቃል ነው። እዚያው ቁጥር ላይ ግን ልብሱን በግፍ የሚሸፍነውንም ሰው ይጠላል። አገልጋይሽ ግማሹን አንብቦ ግማሹን ዘለለው። ነቢዩ የተቆጣው በሚስቶቻቸው ላይ በሚያታልሉ ወንዶች ነው። ለሴቶቹ መከላከያ የተነገረ ቃል ሴቶቹን ማሰሪያ ገመድ ሲሆን አያናድድም?

ስለ መውጣት ደግሞ። ዳዊት ሳኦል ሊገድለው ሲፈልግ ሜልኮል በመስኮት አውርዳው አመለጠ። ጳውሎስ ደማስቆ ላይ በቅርጫት በቅጥር ወረደ። ጌታችንም ሊወግሩት ድንጋይ ሲያነሡ ተሰውሮ ከመቅደስ ወጣ። ማንም “እምነት አነሳቸው” አላላቸውም። አንቺም ሕይወትሽን ለማትረፍ ከቤት መውጣትሽ ኃጢአት አይደለም። ስለ ትዳሩ ቀጣይ ዕጣ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ፣ አንቺ በሰላም ተቀምጠሽ፣ በራስሽ ጊዜ ነው። ዛሬ መወሰን የለብሽም።

ይቅርታስ? ይቅርታ ልብሽ በቀልን ለእግዚአብሔር አሳልፎ የሚሰጥበት ነገር ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ አትጣደፊ። ይቅር ማለት ግን አብሮ ለማደር መስማማት አይደለም። አብሮ ለመኖር የእሱ መለወጥ ያስፈልጋል። ለውጡም በእንባ አይለካም። ጥፋቱን ያላንዳች “እሷ አናዳኝ ነው” ማመን፣ ለሕግ መታዘዝ፣ ለረጅም ጊዜ በሌሎች ክትትል ሥር መሆን፣ አንቺ “አይሆንም” ስትዪ መቀበል። ዘኬዎስ ሲመለስ አራት እጥፍ ቆጥሮ ነው የመለሰው።

መውጣት ከወሰንሽ ለእሱ አስቀድመሽ አትንገሪው። በጣም አደገኛው ሰዓት ሴትየዋ የምትወጣበት ሰዓት ነው። መታወቂያሽን፣ የልጆች ካሉሽ የእነሱን ወረቀት፣ ትንሽ ገንዘብ፣ መድኃኒትሽን የምታምኚው ሰው ቤት አስቀምጪ። ስልክሽን የሚያይ ከሆነ በዚያ ስልክ አትጻፊ። ይሄን መጽሔትም ገጹን ገልጠሽ ቤት አትተዪው።

ይሄንን ለሚያነቡ አገልጋዮች ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ዱላ ባለበት ቤት ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አታማክሩ። እሷ እውነቱን ከተናገረች ማታ ትከፍላለች። ዝም ካለች ደግሞ እናንተ “ተስማሙ” ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እሷ የነገረቻችሁን ለእሱ አታድርሱ። ሁለተኛ ሳሙኤል 13ን አንብቡ። ትዕማር በወንድሟ በአምኖን ተደፈረች። አቤሴሎም፣ “ወንድምሽ ነውና ዝም በዪ” አላት። ዳዊት እጅግ ተቆጣ ይላል፤ ተቆጣ እንጂ ምንም አላደረገም። እሷ በወንድሟ በአቤሴሎም ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች። ዝም በዪ ያላት አቤሴሎም ከሁለት ዓመት በኋላ አምኖንን አስገደለው። ዝምታው ለቤተሰቡ ስም የተገዛ ሰላም ነበር፣ ያውም ሁለት ዓመት ያልዘለለ። ትዕማርን ግን ከዚያ በኋላ የጠየቃት ሰው አልተጻፈም።

ጥያቄ፦ የምሕረት ክፍላችን ለችግረኞች እህልና ልብስ ሲያድል ቪዲዮ እየቀረጸ ሶሻል ሚዲያ ላይ ይለቃል። ለጋሾች እንዲተማመኑ ነው ይላሉ። እኔን ይከብደኛል። ተሳስቼ ይሆን? — አ.

መልስ፦ አልተሳሳትክም። ማቴዎስ 6 ላይ በፊትህ መለከት አታስነፋ ተብሏል። የዛሬው መለከት ካሜራ አለው።

ለጋሽ ማስረጃ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ማስረጃው ግን ደረሰኝና የተመረመረ ሒሳብ ነው። የእናቲቱ ፊት ደረሰኝ አይደለም። “ፈቅዳ ነው” ይሉሃል። እህሉ ከካሜራው ጀርባ ተደርድሮ እያየች እንዴት እምቢ ትላለች? ዘሌዋውያን 19 ገበሬው የእርሻውን ዳር እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም ያዛል። ድሃው መጥቶ በገዛ እጁ ያጭዳል። ሰልፍ የለም፣ ንግግር የለም፣ አመስግኑኝም የለም። ሩት እንዲህ ነው የበላችው። ክፍላችሁን “በሚቀጥለው ጊዜ የእናንተ ልጅ ተቀባይ ሆኖ ቢቀረጽ ትለቁታላችሁ?” ብለህ ጠይቃቸው። ከዚያ የድሮዎቹን ቪዲዮዎች አስጠፋቸው።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ታናሽ ወንድሜ ለወራት ከአልጋ አይነሣም። አይበላም። “ብሞት ይሻለኛል” ይላል። ሐኪም መድኃኒት አዞለት ነበር፤ በጸሎት ኅብረታችን “መድኃኒት መውሰድ አለማመን ነው” ሲሉት አቆመው። እኔም አሳቡን እንዳላስገባበት ብዬ ስለ ሞት አላነሣበትም። ምን ላድርግ? — ታላቅ እኅት

መልስ፦ እኅቴ፣ ጠይቂው። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ፣ በግልጽ፣ “ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?” በዪው። መጠየቅ አሳቡን አይጭርም፤ ብዙ ጊዜ ሰውየውን ያሳርፈዋል። “አዎ” ካለሽ አትጩኺ፣ አትስበኪም። በምን ሊያደርገው እንዳሰበ ጠይቂው፤ ያንን ነገር ከቤት አውጪ። ብቻውን አትተዪው። ያን ቀን ሐኪም ቤት ውሰጂው። መድኃኒቱን ደግሞ በድንገት ማቆም በራሱ ሊጎዳው ይችላል። በግምት አታስጀምሪው፤ ላዘዘለት ሐኪም ያቆመበትን ቀን ንገሪው።

ለጸሎት ኅብረታችሁ ኤልያስን አንብቢላቸው፣ አንደኛ ነገሥት 19። የቀርሜሎስ ጀግና በአንድ ዛፍ ሥር ተጋድሞ “ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ” አለ። መልአኩ የወቀሰው ነገር የለም። ቀሰቀሰው፣ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ራስጌው አኖረለት። በላና መልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ዳሰሰው፣ መንገድህ ሩቅ ነውና ብላ አለው። እግዚአብሔር ያናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ የሚዳስስ እጅ። መዝሙር 88ንም ይዩት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨለማ ነው፣ ሲያበቃም ጨለማ ላይ ነው። ያም ሆኖ መዝሙር ተብሎ በመቅደስ ተዘመረ። የጳውሎስ የጉዞ ጓደኛ ሉቃስም ሐኪም ነበር። “የተወደደው ባለ መድኃኒት” ነው የሚለው፤ “እምነት የጎደለው” አይለውም።

ጥያቄ፦ አንድ ጉባኤ አገለግላለሁ። ምዕመናኑ ከሁለት ወገን የመጡ ናቸው፤ ወገኖቻቸው እየተጋደሉ ነው። አንዱን ብናገር ሌላው “ፖለቲካ ሰበከ” ይላል። ዝም ስል ሁለቱም ያዝናሉ። ስብከቴን ከዚህ ነገር አርቄ በሰላም ብቀጥል አይሻልም? — አንድ አገልጋይ

መልስ፦ ክቡር ወንድሜ፣ የከበደዎት ይገባኛል። ግን አይሻልም። ነገሩ መድረክዎ ላይ ባይወጣም ወንበሮቹ ላይ ተቀምጧል።

አንድ ታሪክ ላጫውትዎ። በ1857 በደቡብ አፍሪካ የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ተሰብስቦ ስለ ጥቁር አማኞች ተወያየ። ውሳኔው መጀመሪያው ላይ መልካም ነው። ሁሉም በአንድ ጉባኤ ቢሆኑ ደግ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሳዊም ነው ይላል። ከዚያ “ነገር ግን” ይመጣል። በአንዳንዶች ድካም ምክንያት ይህ አስቸጋሪ ከሆነ በተለየ ቤት ቢያመልኩ ይፈቀዳል። የአንዳንዶች ድካም! አንዳንድ ነጮች ከጥቁር ወንድማቸው ጋር ከአንድ ጽዋ መጠጣት ስለከበዳቸው ነው። በ1881 የተለየ ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ። በ1948 አፓርታይድ የአገሪቱ ፖሊሲ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ማዕዷን ከለየች በኋላ መንግሥት ሰፈሩን፣ ትምህርት ቤቱንና የባቡሩን ወንበር ሲለይ ምን አፍ ይኖራታል? ያው የተለየው ቤተ ክርስቲያን ነው በ1982 የቤልሃርን የእምነት መግለጫ አርቅቆ በ1986 ያጸደቀው፤ ሰውን በዘር መለያየት የእምነት ጉዳይ ነው፣ የፖለቲካ ጣዕም ልዩነት አይደለም ብሎ።

ስለዚህ መጀመሪያ ስብከትዎን ሳይሆን ማዕድዎን ይመልከቱ። ጳውሎስ አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስን ፊት ለፊት የተቃወመው በስብከቱ አልነበረም። ከማን ጋር እንደሚበላ አይቶ ነው። ከሽማግሌዎችዎ ስንቱ ከየትኛው ወገን ነው? ሐዘን ሲደርስ ማን ጋ ነው የሚሄዱት? በጸሎት ላይ የሚጠሩት ሙታን የማን ናቸው? ምዕመናን ይሄንን ሁሉ ይቆጥራሉ። ሽማግሌዎቹ ማታ ማታ ሶሻል ሚዲያ ላይ የሚጽፉትንም ያነባሉ። እሁድ “በክርስቶስ አንድ ነን” ብሎ ሰኞ ሌላውን ወገን በእንስሳ ስም የሚጠራ ሽማግሌ ካለ፣ ሥራዎ ከእሱ ይጀምራል፤ ከመድረኩ በፊት።

መድረክ ላይ ሲወጡ ደግሞ ድርጊቱን በስሙ ይጥሩት። ግድያን ግድያ፣ ዘረፋን ዘረፋ፣ መድፈርን መድፈር ይበሉ። ሕዝብን በጅምላ አይክሰሱ። የሁለቱንም ወገን ሙታን ያልቅሱ። እኔ ራሴን የምፈትንበት አንድ ጥያቄ አለ፦ የሌላው ወገን ሰው ሲያጠፋ ያልኩትን፣ የራሴ ወገን ሰው ያንኑ ሲያጠፋ በዚያው ድምፅ እለዋለሁ? ካልሆነ የመጀመሪያውም ስብከት አልነበረም።

በጥቅሉ መናገር ያባብላል፤ ይጠንቀቁት። በ1934፣ በሂትለር ዘመን፣ ጀርመን ውስጥ በባርመን የተሰበሰቡ ክርስቲያኖች ለክርስቶስ እንጂ ለሌላ ጌታ አንገዛም የሚል ጠንካራ መግለጫ አወጡ። የነገረ መለኮት ምሁሩ ካርል ባርት ነበር ዋና አርቃቂው። እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሰነድ ነው። አይሁድ የሚለው ቃል ግን በውስጡ የለም፤ እየተሳደዱ የነበሩት እነሱ ሆነው ሳለ። ባርት ራሱ በ1967፣ አርጅቶ፣ ያንን ጉዳይ ባለማንሣቱ ጥፋተኛነት እንደሚሰማው ጽፏል። ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር ግን በ1933 ቤተ ክርስቲያን በመንኰራኩር ሥር የወደቁትን ሰዎች ቁስል በፋሻ ማሰር ብቻ ሳይሆን መንኰራኩሩን ራሱን ማስቆም የሚገባት ጊዜ እንዳለ ጽፎ ነበር። ፋሻ ማሰር ሥራዬ ስለነበር ይሄ ቃል እኔን ይቆረቁረኛል። በሩዋንዳ በ1994 የዘር ፍጅት፣ ንያማታና ንታራማ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የተጠለሉት ሰዎች እዚያው ውስጥ ሲገደሉ፣ አብዛኛው የአገሩ ሰው የተጠመቀ ነበር።

ይፈራሉ፣ አውቃለሁ። ብቻዎን አይውጡ። ከሌላው ወገን የሆነ አንድ አገልጋይ ይፈልጉ፣ ስብከቱን አብራችሁ አዘጋጁ፣ አብራችሁም ቁሙ። የሚወጣ ሰው ይኖራል። ቤቱ ሄደው ይጎብኙት።

ጥያቄ፦ አንድ ባለሀብት ለሕንፃችን ከፍተኛ ገንዘብ ሊሰጥ ነው። ሠራተኞቹን ለወራት ደሞዝ ሳይከፍል እንዳሰናበተ ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘቡን “ለእግዚአብሔር ቤት ከሆነ ይቀደሳል” ተብሎ ልንቀበል ነው። — የሒሳብ ኮሚቴ አባል

መልስ፦ አትቀበሉ። ያዕቆብ 5፥4 ላይ የተጮኸው ስለዚህ ዓይነት ደሞዝ ነው፤ የቀረው ደሞዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። ጩኸቱን ሕንፃችሁ ግድግዳ ውስጥ ለምን ትገነቡታላችሁ? የካህናት አለቆችስ ይሁዳ የመለሰውን ብር የደም ዋጋ ነውና መባ ውስጥ አይገባም ብለዋል፣ የከፈሉት ራሳቸው ሆነው ሳለ። እናንተ ከእነሱ አታንሱ።

ሰውየውን ግን አታባርሩት። የእናንተ ሥራ ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ነው። ሁለት ሽማግሌ ይሂድና “ስጦታህን የምንቀበለው ሠራተኞችህ ከተከፈላቸው በኋላ ነው” ይበሉት። የስም ዝርዝሩን ከራሳቸው ከሠራተኞቹ አምጡ፤ ከእሱ ቢሮ የሚመጣው ያጥራል። ከከፈለና የሚተርፈው ካለ፣ ያኔ ደረሰኝ ቁረጡለት።